የተሳለ ፊት፣ የተቆረጠ ቃል

እንደምን አመሻችሁ። ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ላስታውስ፤ ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በአንድ ፎቶ ልጀምር። የቤተሰባችን ፎቶ ነው። ስድስት ሆነን ሶፋ ላይ ተጠጋግተን ተቀምጠናል። መሀል ላይ እናቴ አለች። ጭኗ ላይ ገና ጥርስ ያላበቀለ ሕፃን ይዛለች። የእህቴ ልጅ አንድ ማታ ይህንን ፎቶ ወደ አኒሜ፣ ማለትም ወደ ጃፓን ካርቱን፣ ቀይራ ላከችልኝ። በማርች 2025 ሰው ሁሉ ፎቶውን ጂብሊ በሚባለው የጃፓን አኒሜ ስቱዲዮ አሳሳል ሲያስቀይር ትዝ ይላችኋል? ያኔ ነው። ዓይናችን ተለቅ ተለቅ ብሏል። አፍንጫችን አንዲት ትንሽ ጥላ ሆኖ ቀርቷል። የሕፃኑ ጉንጭ ላይ ቀይ ክብ ተደርጓል። የእናቴ ሻሽ ላይ ያለችው እጥፋት እንኳ አልቀረችም።

ደስ አለኝ። ደጋግሜ አየሁት። ከዚያ አንድ ነገር ከነከነኝና ደወልኩላት።

«ፎቶውን የት አስገብተሽ ነው?»

«አፕ ላይ ነዋ፣ አጎቴ።»

«የሁላችንንም?»

«ታዲያ! አንድ ላይ አይደል የተነሳነው?»

እናቴ በዕድሜዋ ሙሉ አንድም አካውንት ከፍታ አታውቅም። ሕፃኑ ገና ስሙን እንኳ አልለየም። የሁለቱም ፊት ግን ያን ማታ የት እንዳለ የማናውቀው ሰርቨር ላይ ገባ። ፎቶው ምን እንደሚደረግበት የሚናገረው ውል ረጅም ነበር። ልጅቷም እንደ ብዙዎቻችን ሳታነበው «እስማማለሁ» የሚለውን ነካች።

አልወቅሳትም። የገረመኝ ሌላ ነው። ይህች ልጅ የራሷን ፊት ኢንተርኔት ላይ አታወጣም። ፕሮፋይሏ ላይ ለዓመታት ያለው የተሳለ ፊት ነው፤ ፀጉሯ ሰማያዊ የሆነ የአኒሜ ልጅ። ለምን ብዬ ስጠይቃት «የማስበውን ሳልሳቀቅ የምጽፈው ማን እንደሆንኩ ካልታወቀ ነው» ብላኛለች። ፊቷን ከሰው የምትከልለው በአኒሜ ነው። በዚያው አኒሜ ምክንያት ደግሞ የስድስት ሰው ፊት አስረከበች። የዛሬው ወሬዬ ይኸው ነው። ሳንሱር፣ ፊትና አኒሜ። ሦስቱ ለየብቻ የሚወሩ ይመስላሉ። እኔ ግን ለየብቻ ላያቸው አልቻልኩም።

ማሽን ፊትን እንዴት ነው የሚያየው? ነገሩ የዛሬ አይደለም። በ1960ዎቹ አጋማሽ ዉዲ ብሌድሶ የሚባል አሜሪካዊ የሒሳብ ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር ፊትን በኮምፒውተር ለመለየት ሞክሮ ነበር። ሥራው አድካሚ ነው። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ የዓይንን ጥግና የአፍን ጠርዝ በእጁ ምልክት ያደርጋል። በሰዓት 40 ያህል ፎቶ ቢጨርስ ነው። ኮምፒውተሩ በነጥቦቹ መካከል ያለውን ርቀት ያሰላል። ከዚያ ርቀቱ የሚቀራረበውን ፊት ፈልጎ ያወጣል።

ሐሳቡ እስከ ዛሬም ርቀት መለካት ነው። ምልክት የሚያደርገው ሰው ግን ቀርቷል። በ2014 ፌስቡክ ዲፕፌስ የሚባል ሥርዓት አስተዋወቀ። ሁለት ፎቶ አሳይተው የአንድ ሰው ናቸው ወይስ አይደሉም ሲሉት፣ በታወቀ መፈተኛ ላይ 97.35 በመቶውን በትክክል መለሰ። ሰው ራሱ በዚያ ፈተና ከዚህ እምብዛም አይበልጥም። በዓመቱ የጉግል ተመራማሪዎች ፌስኔትን ይዘው መጡ። ይህኛው አንድን ፊት ወደ 128 ቁጥሮች ይቀይራል።

128 ቁጥር። እስቲ ቆም ብላችሁ አስቡት። እናታችሁ ስትስቅ ዓይኗ ጥግ ላይ የሚሰበሰበው መስመር፣ የአገጯ ቅርጽ፣ ከአያቷ የወረሰችው ግንባር፣ ሁሉም ተጨምቆ አንድ ረድፍ ቁጥር ይሆናል። ለማስቀመጥ አንድ አጭር የስልክ መልእክት የሚይዘውን ያህል ቦታ ይበቃዋል። ረድፉ አንዴ ከተወሰደ በኋላ ፎቶው ቢጠፋም ለውጥ የለውም። የይለፍ ቃል ቢሰረቅባችሁ ትቀይሩታላችሁ። ፊታችሁን ምን ታደርጉታላችሁ?

ሰዎች ብዙ ጊዜ «ስልኬን በፊቴ አይደል እንዴ የምከፍተው? ምን ያስፈራል?» ይሉኛል። ልዩነት አለው። ስልካችሁ የሚጠይቀው «ይሄ ባለቤቴ ነው?» ብሎ ነው። አንድን ፊት ከአንድ ፊት ጋር ያስተያያል። አደባባይ ላይ የተሰቀለ ካሜራ ግን «ይሄ ማን ነው?» ብሎ ነው የሚጠይቀው። አንድን ፊት ከሚሊዮኖች ጋር ያስተያያል። የመጀመሪያው የራሳችሁ ቁልፍ ነው። ሁለተኛው የሌላ ሰው መዝገብ ነው።

መዝገቡ ይሳሳታል። በ2018 ጆይ ቡኦላምዊኒና ትምኒት ገብሩ ለገበያ የቀረቡ ሦስት ሥርዓቶችን ፈትነው ውጤቱን ይፋ አደረጉ። ጥያቄው ቀላል ነበር፤ ይህ ፊት የወንድ ነው የሴት? ነጣ ያለ ቆዳ ባላቸው ወንዶች ላይ ስህተቱ ቢበዛ 0.8 በመቶ ነበር። ጠቆር ያለ ቆዳ ባላቸው ሴቶች ላይ እስከ 34.7 በመቶ ደረሰ። ይህ የወረቀት ላይ ቁጥር ብቻ ሆኖ አልቀረም። በጃንዋሪ 2020 የዲትሮይት ፖሊስ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ አባት ቤቱ ደጃፍ ላይ በካቴና አስሮ ወሰደው። ሚስቱና ሁለት ሴት ልጆቹ ቆመው እያዩ ነው። ማሽኑ ከሱቅ ካሜራ የተወሰደ ብዥ ያለ ምስል ከቆየ የመንጃ ፈቃድ ፎቶው ጋር አዛምዶ ነበር። ሰዓት ሰርቀሃል ተባለ። 30 ሰዓት ገደማ ታሰረ። ሌባው እሱ አልነበረም።

ስህተቱ ይታረማል ይባላል። እውነት ነው፣ ማሽኖቹ ተሻሽለዋል። እኔን ግን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የማይሳሳተው ነው። በዚያው በጃንዋሪ 2020 ክሊርቪው ኤአይ የሚባል ኩባንያ ጉዳይ በጋዜጣ ወጣ። ከፌስቡክ፣ ከዩቲዩብና ከስፍር ቁጥር የሌላቸው ገጾች ከ3 ቢሊዮን በላይ ፎቶ ሰብስቧል። ማንንም አላስፈቀደም። ፖሊስ የአንድ ሰው ፎቶ ሲያስገባ ያ ሰው ኢንተርኔት ላይ የታየበት ሌላ ፎቶ ሁሉ ይወጣለታል። የሠርግ ፎቶ፣ የምርቃት ፎቶ፣ ከሰው ጀርባ በአጋጣሚ የገባችሁበት ፎቶ ጭምር። በ2024 የኔዘርላንድ የመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን 30.5 ሚሊዮን ዩሮ ቀጥቶታል። ቁጥሮቹ ግን አንዴ ተሰብስበዋል።

አሁን ወደ አኒሜ ልውሰዳችሁ።

አኒሜ የማይከታተል ሰው «ሁሉም አንድ ዓይነት ፊት ነው ያላቸው» ይላል። አፍቃሪዎቹ ይቆጣሉ። እኔና የእህቴ ልጅ አንድ ቀን ሞከርነው። አንድ ሠዓሊ የሳላቸውን ሰባት ገጸ ባሕርያት ምስል አተምን። ከዚያ ፀጉራቸውንና ልብሳቸውን በወረቀት ሸፈንን። የቀረው ዓይን፣ አፍንጫና አፍ ብቻ ነው። እኔ አንዱንም አላወቅኩም። እሷ፣ ለዓመታት ያየቻቸው ልጅ፣ ሦስቱን ተሳሳተች። ወረቀቱን ስናነሳ ሳቀች። «ለካ ፊታቸውን አይቼው አላውቅም፤ ፀጉራቸውን ነው የማውቀው» አለች።

ይህ የመጣው ከሥራው ጠባይ ነው። ጃፓናዊው ሠዓሊ ኦሳሙ ቴዙካ በጃንዋሪ 1, 1963 አስትሮ ቦይ የሚባለውን አኒሜ በጃፓን ቴሌቪዥን ሲጀምር በየሳምንቱ ግማሽ ሰዓት የሚሞላ ሥዕል ማድረስ ነበረበት። ገንዘቡም ጊዜውም ጠባብ ነው። ስለዚህ የሚንቀሳቀሰው ነገር ተቀነሰ። ፊቱ ባለበት ይቆማል፤ አፉ ብቻ ይከፈታል፣ ይዘጋል። በጥቂት መስመር ሐዘንን፣ ፍቅርን፣ ንዴትን ማሳየት የግድ ሆነ። ዓይን ትልቅ የሆነው ስሜት ሁሉ እዚያ ስለሚሰፍር ነው። ፊቱ ስሜትን ይናገራል። ማንነትን ለፀጉሩና ለልብሱ ትቶታል።

በእውነተኛ ሰው ፎቶ የሠለጠነ ማሽን እዚህ ጋ ግራ ይገባው ነበር። በ2001 የወጣው ዝነኛው የቪዮላና የጆንስ ዘዴ ፊትን የሚያገኘው ብርሃንና ጥላን እያወዳደረ ነው፤ ለምሳሌ የዓይን አካባቢ ከጉንጭ ጠቆር ይላል። የአኒሜ ፊት ላይ ይህ ጥላ የለም። አንድ ጃፓናዊ ፕሮግራመር የአኒሜ ፊት ብቻ የሚያገኝ መሣሪያ ለብቻው አሠልጥኖ በነፃ እስኪለቅ ድረስ ነገሩ እንዲህ ነበር። ይህን የምነግራችሁ ለቴክኒኩ ብዬ አይደለም። የማንም ያልሆነ ፊት ማለት ምን እንደሆነ እንድታዩት ነው። የማንም ስላልሆነ ማንም ሊለብሰው ይችላል።

ሰዎችም ለበሱት። በ2016 መጨረሻ ኪዙና አይ የምትባል የተሳለች ልጅ ዩቲዩብ ላይ ብቅ አለች። ዛሬ ቪቲዩበር የምንላቸው ከእሷ ወዲህ በዙ። ከጀርባ እውነተኛ ሰው ይናገራል፣ ይስቃል። ካሜራ የፊቱን እንቅስቃሴ ያነባል። ተመልካች የሚያየው የተሳለውን ፊት ነው። ብዙዎቹ የሚጠቀሙት ተራ ስልክ ነው። በ2017 የወጣው አይፎን ኤክስ ከ30,000 በላይ የማይታዩ የብርሃን ነጥቦች ፊት ላይ ይረጫል። የተሠራው ባለቤቱን ለይቶ ስልኩን እንዲከፍት ነበር። እነሱ ፊታቸውን ለመሸሸግ አዋሉት።

ይህ ነገር በጣም ደስ ይለኛል። ካሜራው ያው ነው። ፊትን ማንበቡም ያው ነው። ግን የተነበበው ወደ መዝገብ አልሄደም። ቅንድብ ከፍ ሲል የሥዕሉ ቅንድብ ከፍ ይላል፣ በቃ። የመናገር አቅም ያላቸው፣ ግን አደባባይ መውጣት የሚከብዳቸው ስንት ሰዎች ድምፅ አገኙበት መሰላችሁ። መልካቸው እንዳይተች የሚፈሩ አሉ። ቤተሰብ እንዳያውቅባቸው የሚጠነቀቁ አሉ። ከሚያሳድድ ሰው የሸሹ አሉ።

እንግዲህ ወደ ሳንሱር መጣን።

ሳንሱር ሲባል ብዙዎቻችን ቀይ እስክሪብቶ የያዘ ሰው ነው የሚታየን። በአኒሜ ያደገ ልጅ ሳንሱርን በሌላ መልኩ ያውቀዋል። በ2004 ዋን ፒስ የሚባለው አኒሜ ለአሜሪካ ልጆች ሲቀርብ ሳንጂ የሚባለው ምግብ አብሳይ ከአፉ የማትለየው ሲጋራ ተነስታ ባለ እንጨት ከረሜላ ተተካች። ፖኬሞን በሚባለው ሌላ አኒሜ ላይ ደግሞ አንድ ልጅ በእጁ የሩዝ ድብልብል ይዞ «ዶናት» እያለ ያወራል። ሩዙ ይታያል። ጆሮ ዶናት ይሰማል። ልጆች ሞኝ አይደሉም። የሆነ ነገር እንደተነካ ያውቃሉ። ካደጉ በኋላ የመጀመሪያውን ፈልገው ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠው አይተዋል።

አዋቂ ለትንሽ ልጅ የሚያሳየውን መምረጡ በእኔ እምነት ሳንሱር የሚባል ኃጢአት አይደለም። ሲጋራውን ያነሱትን ሰዎች ይህን ያህል አልኮንናቸውም። የምለው ሌላ ነው። ያ ዓይነት ቆረጣ ጠባሳ ይተዋል። በጁን 2015 የቻይና የባህል ሚኒስቴር 38 የአኒሜና የማንጋ፣ ማለትም በሥዕል የሚተረኩ የጃፓን መጻሕፍት፣ ሥራዎችን አገደ። አታክ ኦን ታይታንና ዴዝ ኖት ከውስጡ ነበሩ። በጣም አዝኛለሁ። ዝርዝሩ ግን ይፋ ነበር። ሰው «ይሄ ተከልክሏል» ብሎ ስሙን ጠርቶ ሊከራከርበት ይችላል።

አሁን እየበዛ ያለው ጠባሳ የሌለው ነው። የጻፋችሁት አልጠፋም። አካውንታችሁም አልተዘጋም። ዝም ብሎ ማንም አያየውም። ትናንት መቶ ሰው ያነብላችሁ የነበረ፣ ዛሬ ሦስት። ማን ወሰነ? በየትኛው ቃል ምክንያት? የሚነግራችሁ የለም። ስለዚህ ራሳችሁን መጠርጠር ትጀምራላችሁ። ይህቺ ቃል ትሆን? ያቺ ፎቶ ትሆን? ቀስ በቀስ የራሳችሁ ሳንሱር አድራጊ ትሆናላችሁ። ለሳንሱር ከዚህ የረከሰ ሠራተኛ የለም፤ ደሞዝ አይጠይቅም፣ ሌሊትም አይተኛም።

አሁን ሁሉን ያገናኘልኝን ታሪክ ልንገራችሁ። የሆነው ጃፓን ነው፣ የአኒሜና የማንጋ አገር።

በ2018 ማንጋሙራ የሚባል ገጽ ነበር። ማንጋን ያለ ፈቃድ በነፃ ያስነብባል። ሠዓሊዎቹና አሳታሚዎቹ ከባድ ጉዳት ደርሶባቸው ነበር። ሥራቸው ሲሰረቅ አይተው ጮኹ፤ መጮሃቸውም ትክክል ነው። በኤፕሪል መንግሥት የኢንተርኔት አቅራቢዎች ይህንንና አኒቱብና ሚዮሚዮ የሚባሉ ሁለት ገጾችን በፈቃዳቸው እንዲዘጉ ጠየቀ። ትልቁ የቴሌኮም ኩባንያ ኤንቲቲ እዘጋለሁ አለ። ለማንጋ ወዳጆች መልካም ዜና ይመስላል አይደል?

ከዚያ የሕግ ሰዎች ተነሱ። የጃፓን ሕገ መንግሥት ከሜይ 1947 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። አንቀጽ 21 ንዑስ አንቀጽ ሁለት ሁለት ነገር ብቻ ይላል። ሳንሱር አይደረግም። የመልእክት ልውውጥ ምስጢር አይጣስም። ጎን ለጎን፣ ትንፋሽ ሳይወስድ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳነበው ሁለቱ ለምን አንድ ላይ እንደተቀመጡ አልገባኝም ነበር። የማንጋሙራ ክርክር ነው ያስረዳኝ።

እንዲህ ነው። የአንድን ገጽ ስም ስትጽፉ ጥያቄው መጀመሪያ ወደ ኢንተርኔት አቅራቢያችሁ ይሄዳል። አቅራቢው ስሙን ወደ ቁጥር አድራሻ ይተረጉምላችኋል። ሦስት ገጽ ዝጋ ከተባለ ምን ማድረግ አለበት? ጥያቄ በመጣ ቁጥር ስሙን ማየት፣ ከሦስቱ አንዱ መሆኑን መመርመር። የማንን ጥያቄ? የሁሉንም። የሐኪም ምክር የሚፈልገውንም፣ የጸሎት መጽሐፍ የሚፈልገውንም። አንድ በር ለመዝጋት በመንገዱ የሚያልፈውን ሁሉ ቆሞ ማየት ግድ ነው። ሳንሱር ያለ ክትትል አይሠራም። የ1947ቱ ሰዎች ኢንተርኔትን አያውቁም። ደብዳቤን ግን ያውቃሉ። የተከለከለ ደብዳቤ ለማስቀረት ሁሉም ደብዳቤ መከፈት አለበት።

ከደንበኞቹ አንዱ ኤንቲቲን ፍርድ ቤት ገተረው። መንግሥት ያቋቋመው የባለሙያዎች ጉባኤ እስከ ኦክቶበር ተከራክሮ ሳይስማማ ተበተነ። ገጾችን የሚያዘጋ ሕግም ሳይወጣ ቀረ። ታዲያ የሠዓሊዎቹ እንባ ሜዳ ላይ ቀረ? አልቀረም። የገጹ አንቀሳቃሽ በ2019 ፊሊፒንስ ውስጥ ተያዘ። በ2021 ፍርድ ቤት ሦስት ዓመት እስር ፈረደበት። የተመረመረው ያጠፋው ሰው ነው። የሌላው ሰው ደብዳቤ አልተከፈተም።

አሁን ደብዳቤውን በፊት ተኩት።

ከዲሴምበር 1, 2019 ጀምሮ ቻይና ውስጥ አዲስ የስልክ መስመር የሚያወጣ ሰው ፊቱን ማስነሳት አለበት። ስልክ ቁጥሩ ደግሞ የማኅበራዊ ሚዲያ አካውንት መክፈቻ ነው። አያችሁት ክሩን? ከፊት ወደ ቁጥር፣ ከቁጥር ወደ ቃል። አንድ አስተያየት ስትጽፉ ከሥሩ ፊታችሁ አለ።

ይህ የአንድ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ብሪታኒያ ከጁላይ 25, 2025 ጀምሮ ለልጆች የማይሆን ይዘት ያላቸው ገጾች የጎብኚውን ዕድሜ እንዲያረጋግጡ አስገድዳለች። ከተፈቀዱት መንገዶች አንዱ ፊትን ለካሜራ አሳይቶ ዕድሜ ማስገመት ነው። ወዲያው ሰዎች አንድ ነገር አገኙ። የቪዲዮ ጌም ገጸ ባሕርይን ፊት ከስክሪን ላይ ለካሜራው አሳዩት። አፍህን ክፈት ሲላቸው በጌሙ መቆጣጠሪያ አፉን አስከፈቱት። አለፈ። ማሽኑ በኮምፒውተር የተሠራን ፊት አዋቂ ሰው ነህ ብሎ አስገባው። ብዙዎች ሳቁ። እኔ ግን ወዲያው ያሰብኩት ያልተሳሳተውን ነው። እሺ ብለው እውነተኛ መታወቂያቸውን የላኩት ሰዎች ምን ደረሰባቸው? በኦክቶበር 2025 ዲስኮርድ የሚባለው የመልእክት መለዋወጫ በዕድሜ ማረጋገጫው ላይ የቀረበ ይግባኝ ለማየት የተሰበሰቡ ወደ 70,000 ሰዎች የመታወቂያ ፎቶ ሳይወጣ እንዳልቀረ አሳወቀ። የተሰበረው አብሮት የሚሠራ ሌላ ድርጅት ሲስተም ነበር። ሕጉን አክብረው የታዘዙት ናቸው የተጎዱት።

ሰው በዚህ ሁሉ መሀል መናገሩን አይተውም። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ይህን ለማወቅ ሩቅ መሄድ የለብንም፤ ሰምና ወርቅ አለን። በቻይንኛ «ስምምነት» የሚለው ቃልና «የወንዝ ሸርጣን» የሚለው በድምፅ ይቀራረባሉ። ጽሑፍ የሚጠፋው ለኅብረተሰቡ ስምምነት ሲባል ነው ይባል ስለነበር፣ ሰዎች ስለ ሳንሱር ማውራት ሲፈልጉ ስለ ሸርጣን ማውራት ጀመሩ። ሸርጣኑ ሰም ነው። ወርቁ አንባቢው ልብ ውስጥ ነው። ቃል ሲሳደድ እንዲህ መሸሸጊያ ያገኛል።

ፊት ግን ሰም የለውም። ካሜራው ቅኔውን አይፈታም። መፍታትም አያስፈልገውም። ማን እንደተቀኘና ማን እንዳጨበጨበ ይመዘግባል።

በ2002 የጀመረው ጎስት ኢን ዘ ሼል፦ ስታንድ አሎን ኮምፕሌክስ የተባለው አኒሜ ውስጥ ፊቱ የማይታይ ሰርጎ ገብ አለ። በየካሜራው፣ በሚያዩት ሰዎች ዓይን ውስጥ ሳይቀር፣ ፊቱ ላይ የሚስቅ ምልክት ይጋርዳል። ቆሞ ይናገራል፤ ሁሉም ይሰማዋል፤ ማንም መልኩን አያስታውስም። የእህቴ ልጅ ይህን ስታይ «ይሄን ነው የምፈልገው» አለችኝ። ያን ጊዜ 16 ዓመቷ ነበር። ምን እንዳስፈራት ጠየቅኳት። ክፍል ውስጥ ስለደረሰባት ነገር አንድ ቦታ ጽፋ፣ አንድ ሰው ፎቶዋን ፈልጎ አግኝቶ ለጥፎባት ነበር። ጽሑፉን አጠፋችው። የጻፈችው ሁሉ እውነት ነበር። እንድታጠፋው ማንም አላዘዛትም። ፊቷን ማየቷ በቃ።

«ሕፃናትስ? ወንጀልስ?» የሚል ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃለሁ። መምጣትም አለበት። እኔ ሁሉም ነገር ይለቀቅ የምል ሰው አይደለሁም። በ2009 ማይክሮሶፍትና ከዳርትማውዝ ኮሌጅ ሃኒ ፋሪድ ፎቶ ዲኤንኤ የሚባል ዘዴ ሠሩ። በሕፃናት ላይ የተፈጸመ ወንጀል ማስረጃ መሆናቸው አስቀድሞ የታወቁ ምስሎችን አሻራ ይይዛል፤ የተጫነ ምስል ከዚያ ጋር ሲገጥም ያሳውቃል። በሙሉ ልቤ እደግፈዋለሁ። የሚፈልገው የታወቀውን ምስል ነው፤ አዲስ ነገር አይቶ አይፈርድም። መፍረድ ሲጀመር ነው መዘዙ የሚመጣው። በ2022 የተዘገበ የአንድ አባት ታሪክ አለ። ትንሽ ልጁ ታመመበት። ከምርመራው በፊት ፎቶ ላኩ ተባሉና አነሳ። ስልኩ ፎቶውን በራሱ ወደ ጉግል ማከማቻ ጫነው። ማሽኑ ወንጀል ነው አለ። ኢሜይሉ፣ የዓመታት ፎቶው፣ ስልክ ቁጥሩ ሳይቀር ተዘጋበት። ፖሊስ መርምሮ ጥፋት የለበትም አለ። አካውንቱ ግን አልተመለሰም። ይግባኝ የሚሰማ፣ ስሙ የሚታወቅ ሰው ከወዲያ በኩል አልነበረም።

ስለዚህ ማንኛውም እንዲህ ያለ ሥርዓት ሲመጣ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። የሚፈልገው ያጠፋውን ነው ወይስ ሁላችንን ነው የሚፈትሸው? የያዘው ነገር ይጠፋል? ሲሳሳት የምናገረው ሰው አለ?

ይጠፋል ወይ የሚለው የማይሆን ምኞት አይደለም። በኖቬምበር 2021 ፌስቡክ ፊት መለያውን ዘግቶ ከአንድ ቢሊዮን በላይ የሆኑ ሰዎችን የፊት ቁጥር እንደሚያጠፋ አስታወቀ። ከዚያ በፊት የአሜሪካዋ ኢሊኖይ ግዛት ነዋሪዎች ፊታችን ያለ ፈቃድ ተወሰደ ብለው ከሰውት 650 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ያን ክስ ያስቻለው ግዛቱ በ2008 ያወጣው አጭር ሕግ ነው። እውነት ነው፣ ኩባንያው በ2024 የታዋቂ ሰዎችን ፎቶ የሚጠቀሙ አጭበርባሪዎችን ለመያዝ ብሎ ቴክኖሎጂውን እንደገና መሞከር ጀምሯል። ግን መጥፋት እንደሚችል አይተናል። የአውሮፓ ኅብረት የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሕግም ከፌብሩዋሪ 2025 ጀምሮ ከኢንተርኔት ፊት በጅምላ እየለቀሙ መዝገብ መሥራትን ከልክሏል።

እኛ ቤት የሆነውን ነግሬያችሁ ልጨርስ። ልጅቷና እኔ ለአፑ ባለቤቶች ፎቶው እንዲጠፋ ጻፍን። መልእክታችሁ ደርሶናል የሚል መልስ መጣ። ከዚያ በኋላ ሌላ አልመጣም።

አንድ ቅዳሜ ሥዕሉን ለእናቴ አሳየናት። መነጽሯን አድርጋ ስልኩን ራቅ ቀረብ እያደረገች አየችው።

«ይቺ ማን ናት?»

«አንቺ ነሽ እኮ፣ እማዬ!»

«እኔን አትመስልም። አፍንጫዬስ?»

ልጅቷ እየሳቀች አስረዳቻት። ፎቶውን ወደ አፕ ልካ፣ ማሽኑ ስሎ እንደመለሰላት ነገረቻት። እናቴ አዳመጠች፣ አዳመጠችና «ታዲያ ፊቴን ለማን ነው የሰጠሽብኝ?» አለች። ተቆጥታ አይደለም። ማወቅ ፈልጋ ነው። ልጅቷ ወደ እኔ ዞር አለች። እኔም የምነግራት ስም አልነበረኝም።

በሚቀጥለው ሳምንት ልጅቷ ደብተርና እርሳስ ይዛ መጣች። አሁን ሦስተኛ ሙከራዋ ላይ ነች። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን እናቴ አልወደደቻቸውም። ሶፋው ላይ ቀጥ ብላ ትቀመጥና በየመሀሉ አንገቷን ሰገግ አድርጋ ደብተሩን ታያለች።

«አፍንጫዬን እንዳትረሺ» ትላታለች።